ከጫት ቤቱ የተረፈችው ወፍ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ አንድ ጋቢና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ሰዓቱ ለምን እንዳስፈለገኝ እስካሁን አልገባኝም፤ ሰዓት ሥራ ላለው ሰው ነው። ወጣቱ የቡድን መሪያችን ስለ በሬው፣ ስለ ግመሉ፣ ስለ ክትባት ዘመቻው ብዙ ከተናገረ በኋላ "ደግሞም ጋሽ ታምሩ የወፍ ሐኪም ናቸው!" ሲል አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በምዕራብ ሐረርጌ ከብት ሳክም ኖሬ፣ በመጨረሻ ስሜ የተያያዘው ከመዳፍ ከማትበልጥ ወፍ ጋር ሆነ። ሳቁ ሲበርድ ግን ልቤ ከበደኝ። ስለዚያች ወፍ ለባለቤቷ ያልነገርኳት አንድ ነገር ነበረኝ። ጋቢውን ለብሼ ቤቴ ስገባ ነገሩም አብሮኝ ገባ።

የተወለድኩት አሰበ ተፈሪ ነው። ዛሬ ሁሉም ሰው ጭሮ ይላታል፤ እኔም ደስ ሲለኝ ጭሮ፣ ሲከፋኝ አሰበ ተፈሪ እላታለሁ። የእንስሳት ጤና ትምህርቴን ስጨርስ የመጀመሪያ ምደባዬ በደሳ አካባቢ በነበረ አንድ የዶሮ ማራቢያ ጣቢያ ሆነ። በሬ ለማከም ተምሬ ዶሮ ጠባቂ ሆንኩ ብዬ አኮረፍኩ። ደመወዙ ትንሽ፣ የሚሞላው ቅጽ ብዙ ነበር፤ ያገለገለ ሁሉ ስለሚያውቀው አላራዝመውም።

እዚያ ያገኘሁት ሰው ግን ዕድሜዬን ሙሉ አብሮኝ ኖሯል። ጋሽ ደጀኔ ይባላሉ፤ የጫጩቶቹ ማሞቂያ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ለሰው ሰላምታ የማያበዙ፣ ጫጩት ቤት ሲገቡ ግን ጫማቸውን አውልቀው በእግር ጣታቸው የሚራመዱ ሰው። ጠዋት በሩን ቀስ አድርገው ይከፍቱና የተገለበጠች ሣጥን ላይ ይቀመጣሉ። ቴርሞሜትሩ እፊታቸው ተሰቅሏል፤ አያዩትም።

"ስንት ዲግሪ እንደሆነ ላንብብ?" አልኳቸው በመጀመሪያው ቀን፣ ትምህርቴን ላሳይ ብዬ።

"ዝም በል። መጀመሪያ እነሱ ይናገሩ።"

ቀስ በቀስ ንግግሩ ገባኝ። ጫጩቶቹ መብራቱ ሥር ተደራርበው ከታቀፉ በርዷቸዋል። ክንፋቸውን አንስተው፣ አፋቸውን ከፍተው ወደ ጥግ ከሸሹ ሞቋቸዋል። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ከታጨቁ ከሌላው ወገን ነፋስ ይገባል። ያኔ ጋሽ ደጀኔ ከጋቢያቸው ጫፍ አንድ ነጭ ክር ይመዝዙና በጫጩቶቹ ቁመት ልክ ያንጠለጥሉታል። ክሩ ከተወዛወዘ ስንጥቁን እስክናገኝ አንወጣም።

"ሙቀትን በራስህ ቁመት አትለካ" ይሉኝ ነበር። "አንተ እላይ ነህ። የሚኖሩት እነሱ ናቸው፣ እዚያ ታች።"

የመጨረሻው ነገር ከሁሉም ይገርመኝ ነበር። ሊወጡ ሲሉ ይንበረከካሉ። ፊታቸውን እስከ ሰጋቱራው ዝቅ አድርገው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ቀስ እያሉ ይተነፍሳሉ። ሲነሡ ጉልበታቸውም ጢማቸውም ሰጋቱራ ነው። "ዐይን ይለምዳል፤ ቴርሞሜትር አያሸትም" ይላሉ ልብሳቸውን እያራገፉ። "እነሱ የሚተነፍሱትን አንተም ተንፍሰው።"

ከእሳቸው ክሩን ወሰድኩ። ዝም ብሎ መቀመጡንም ወሰድኩ። መንበርከኩን ግን ተውኩት። ወጣት ነበርኩ፤ ሱሪዬ ሲቆሽሽ እበሽቃለሁ፤ የሽማግሌ ልማድም መሰለኝ።

ከበደሳ ቦኬ ተዛወርኩ። ቦኬ ሞቃት ናት፤ ለሰውም ለከብትም ጥላ የሚያስፈልግበት አገር። በገበያ ቀን ክሊኒኩ በር ላይ ፍየልና ግመል ተራ ይጠብቃል። ከዚያ ሁሉ በሽተኛ ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገኝ አንድ ብቻ ነው። አንድ ጠዋት አንድ ገበሬ ሦስት ፍየሎች በጋሪ ጭኖ መጣ። አፋቸው በአረፋ ተሞልቷል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ የዐይናቸው ብሌን ጠብቦ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። የበሉት ገረባ ነው፤ ጫት ሲቀጠፍና ሲቃም የሚጣለውን ቅጠልና ዘንግ ገረባ ይሉታል፣ የሐረርጌ ፍየል ቀለቡ እሱ ነው። ጫቱ ግን ከሁለት ቀን በፊት ፀረ ተባይ ተረጭቶ ኖሯል። በአትሮፒን መርፌ ሁለቱን አተረፍኩ፣ አንዷ ሞተች። ከዚያ ወዲያ መድኃኒት የተረጨ ገረባ ለእንስሳ አትስጡ እያልኩ በየገበያው መለፍለፍ ልማዴ ሆነ። ይህን የምነግራችሁ አውቅ ነበር ለማለት ነው።

ቀጥሎ ገለምሶ ሄድኩ፤ ረጅሙንም ዘመን ያገለገልኩት እዚያው ነው። አዴ ዘይነባን ያወቅኋት በገለምሶ ነው። በዕድሜ ከእኔ ከፍ ስለምትል ፊት ለፊት እርስዎ እላታለሁ፤ ሳስባት ግን እንደ እህቴ ስለሆነች እዚህ አንቺ እንደምላት ሰው አድርጌ ልጻፋት። ባሏ የሞተባት፣ ጫት ተረክባ በግቢዋ አስደርድራና አሳስራ የምትልክ፣ ቁጣዋም ሳቋም ከሩቅ የሚሰማ ሴት ነበረች። አንድ የኅዳር ጠዋት ክሊኒክ መጣችና ሻርፗን ስትገልጥ የሽቦ ቤት ውስጥ ሁለት ወፎች ተጠጋግተው ቆመዋል። አካላቸው አረንጓዴ፣ ፊታቸው እንደ በሰለ ኮክ የቀላ፣ አጭር ጅራት ያላቸው ትንንሽ በቀቀኖች። የፍቅር ወፍ የሚሏቸው እነዚህን ነው።

"ዶክተር፣ ሺምቢሮዎቹ ይንቀጠቀጣሉ" አለችኝ፤ ወፎቹን በኦሮምኛ መጥራቷ ነው። "የሀያት ናቸው። የእኔ ቢሆኑ እኮ ግድ የለኝም።"

ሀያት አንድ ልጇ ናት። ወፎቹን ከድሬዳዋ ገዝታ አምጥታ፣ ሀቢብና ሀቢባ ብላ ስም አውጥታ፣ በዓመቱ ለሥራ አረብ አገር ሄደች። የትኛው ወንድ የትኛዋ ሴት እንደሆነች በዐይን አይለይም፤ የወሰነችው ሀያት ናት። ስትሄድ ለእናቷ "እኔን ማየት ሲያምርሽ እነሱን እዪ" ብላት ነበር። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በቪዲዮ ትደውላለች።

"ከእኔ በፊት እነሱን ነው የምትጠይቀው" አለችኝ አዴ ዘይነባ። "አንድ ነገር ከሆኑ ምን እላታለሁ? ያ ረቢ!"

ቤቷ ሄጄ እንደ ጋሽ ደጀኔ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። የወፎቹ ቤት የተሰቀለው ሳሎኑ ውስጥ፣ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ሥር፣ መስኮቱ አጠገብ ነው፤ እንግዳ እንዲያያቸው። እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮው ሲግል ወፎቹ ክንፋቸውን ከጎናቸው አርቀው አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። ንጋት ላይ ደግሞ ያው ቆርቆሮ ብርዱን ይለቅባቸዋል፤ ላባቸውን ነፍተው ኳስ ይመስላሉ። ከብርዱም ከሙቀቱም ይልቅ የጎዳቸው መለዋወጡ ነበር። ሰው ወፍን እንደ አበባ ማስቀመጫ መስኮት ላይ ይሰቅልና ለምን ታመመች ይላል፤ ይህ ዛሬም ያናድደኛል። አዴ ዘይነባ ለማሞቅ ብላ ከሥራቸው የከሰል ምድጃ ታስቀምጥ ነበር። እሱን በመጀመሪያው ቀን አስነሣሁት፤ የከሰል ጭስ ሰውንም የሚገድል ነገር ነው፣ የወፍ ሳንባማ ምን ያህል ነው።

ጭርጭር ተራራ ላይ በጥዱ መካከል እየጮኹ የሚበሩ አረንጓዴ ወፎች አሉ፤ የእነዚህ የሥጋ ዘመዶች ናቸው። የደጋውን ውርጭ የሚችሉት በዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ተጠጋግተው ስለሚያድሩ ነው። ይህን አስቤ ከአሮጌ ባዶ ግንድ አንዲት ማደሪያ ሠራሁላቸው። ጠዋት ለጋ ፀሐይ ላይ እንዲወጡ፣ ግማሹ ቤታቸው ግን ጥላ እንዲሆን አደረግሁ፤ ሲሞቃቸው የሚሸሹበት ይኑራቸው ብዬ። መታጠቢያ የሚሆን ጥልቀት የሌለው ሳህን አስገባሁ። ምንቃራቸው ሥራ ስለሚፈልግ "ለጋ ቅርንጫፍና ቅጠል ይስጧቸው፣ መቆራረጥ ይወዳሉ" አልኳት።

የቀረው ቋሚ ቦታ መፈለግ ነበር። ቤቱን ሁሉ ዞርኩ። በመጨረሻ ጓሮ ያለው ጫት ማሰሪያ ቤት ገባሁ። ግድግዳው ወፍራም ጭቃ ነው፤ ጫቱ እንዳይጠወልግ ወለሉ ውሃ ይረጫል፣ እስሩ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ይቀመጣል። ቴርሞሜትሬን ሦስት ቀን ሰቀልኩት። ጠዋትም ቀትርም ማታም ብዙ አይለያይም። ክሬን አንጠለጠልኩ፤ ንቅንቅ የለም። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

"እዚህ ይሁኑ" አልኳት። "ከዚህ የተሻለ ቦታ ድሬዳዋም አያገኙም።"

"ወላሂ?"

"በእኔ ይሁንብዎ።"

የጫቱ ሽታ? አፍንጫዬን መቶታል እንጂ። ግን ገለምሶ ውስጥ የጫት ሽታ ማን ሽታ ብሎ ይቆጥረዋል? ልብሳችንም መኪናችንም እሱን እሱን ነው የሚሸተው። አልተንበረከክሁም።

ወፎቹ በሁለት ሳምንት ጤናቸው ተመለሰ። እየዘፈኑ፣ አንዳቸው የሌላውን የራስ ላባ እያበጠሩ፣ ጫት ደርዳሪዎቹን ሥራ ሲያስፈቱ ከረሙ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ ክሊኒኩን ስከፍት አዴ ዘይነባ በሩ ላይ ቆማለች። ሻርፗ መሬት ይጎተታል። ሀቢብ በያዘችው የሽቦ ቤት ወለል ላይ ወድቆ እግሩ ይንዘፈዘፋል፣ በምንቃሩ ጫፍ አረፋ አለ። ሀቢባ ጥግ ይዛ ታጣጥራለች። ብሌናቸውን ሳይ የቦኬ ፍየሎች ፊቴ ላይ ቆሙ።

"ምን በሉ?"

"ጫት" አለች። "ቀንበጥ። ትናንት የመጣ። አንተ ቅጠል ይወዳሉ አላልክም? በእጄ ሰጠኋቸው፣ ደስ ብሏቸው በሉ።"

ለፍየል የምሰጠውን አትሮፒን ጠብታ ያህል በንጹሕ ውሃ አቅጥኜ የደረታቸው ሥጋ ላይ ወጋሁ። ሀቢብ መዳፌ ላይ ሞተ። ከብት ሲሞት ክብደቱ ይሰማል፤ እሱ ሲሞት ግን ምንም አልከበደኝም፣ ሙቀቱ ብቻ ቀስ እያለ ከእጄ ሄደ። ሀቢባ ቀትር ላይ ዐይኗን ገለጠች።

አዴ ዘይነባ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ቀኝ እጇን ገልብጣ ታየዋለች።

"እኔ ነኝ የገደልኩት" አለች። "በዚህ እጅ።"

እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ። ቅጠል ይስጧቸው ብዬ የትኛውን እንዳልነገርኳት፣ መርዝ በየቀኑ ተጭኖ የሚገባበት ቤት አስገብቼ እዚያው እንደሰቀልኳቸው፣ ተንበርክኬ ብተነፍስ ኖሮ የመድኃኒቱ ሽታ ሊደርሰኝ ይችል እንደነበር፣ ያን መርዝ ከእሷ ይልቅ እኔ እንደማውቀው። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን "አይዞዎት፣ የአላህ ሥራ ነው" የሚል ነው። የራሴን ጥፋት በእሷ አምላክ ላይ ጫንኩት። ዶክተር ብላ ትጠራኝ ነበርና ያ ስም እንዳይወድቅብኝ ፈራሁ።

ከዚያ ቀን ወዲያ አዴ ዘይነባ ለሀቢባ በእጇ እህል ሰጥታ አታውቅም። ማሽላውን ጎረቤት ትጨምርላታለች፤ ጎረቤት ከሌለ እኔ እጠራለሁ። አንድ ጊዜ እየቀለድኩ "እርስዎ ቢሰጧት ምን ይላል?" ብላት፣ እጇን ከሻርፗ ሥር ከተተችው።

ሀቢባን መልሰን ሳሎን አስገባናት፤ ቆርቆሮው ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ ሠራሁ፣ ቤቷን ከመስኮቱ አርቄ በደረት ቁመት አኖርኩት። ብቻዋን ስትሆን ላባዋን መንጨት ስለጀመረች አንዲት ትንሽ መስታወት አሰርኩላት። ወፏ መስታወቱ ጎን ትቆማለች፣ ታወራዋለች፣ ተጠግታው ታድራለች። የመጀመሪያው ዓርብ ስልኩ ሲጮህ እኔም ቤቱ ነበርኩ። አዴ ዘይነባ ፊቷ አመድ መስሎ ስልኩን ወደ ወፏ አዞረች።

"እማ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው?" አለች ሀያት።

ስልኩ ላይ ሁለት ወፎች ይታያሉ፤ አንዷ ወፏ፣ አንዱ መስታወቱ ውስጥ ያለው። አዴ ዘይነባ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው" አለች።

ያ ውሸት ሰባት ዓመት ኖረ። እኔ ወደ ጭሮ ተዛውሬ የመጨረሻ ዓመታቴን እዚሁ ጨረስኩ። የወፏ ወሬ ከተማ ለከተማ ተሰምቶ ኖሮ የወፍ ቤት የያዘ ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ የወፍ ሐኪም የሚለው ስም የወጣልኝ በዚህ ነው። ለሁሉም ክሬን አንጠለጥላለሁ፣ ለሁሉም እንበረከካለሁ። መንበርከክ የጀመርኩት ሀቢብ ከሞተ በኋላ ነው። ጋሽ ደጀኔ በሕይወት ኖረው ቢያዩኝ ኖሮ ይስቁብኝ እንደሆነ ወይም ይሰድቡኝ እንደሆነ እንጃ።

ጡረታ በወጣሁ በጥቂት ወሩ ስልኬ ጮኸ።

"ጋሽ ታምሩ፣ ሀያት ነኝ። ተመልሻለሁ። ጭሮ ቤት ተከራይቻለሁ፣ እማንም አምጥቻታለሁ፤ ጫቱ ይበቃታል ብዬ። ለወፏ ቦታ ይምረጡልን።"

ወፏ አለች፤ ወፎቹ አላለችም። መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

አዴ ዘይነባ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ መስበሃ ትቆጥራለች፤ አርጅታለች፣ ሳቋ ግን ያው ነው። ሀያት ረጋ ያለች ሴት ሆናለች። ከገለምሶ እስከ ጭሮ ሚኒባስ ውስጥ የወፏን ቤት ጭኗ ላይ አድርጋ እንደመጣች ነገረችኝ። የሀቢባ ኮክ መሳይ ፊት ትንሽ ደብዝዟል፤ ከመስታወቷ ጎን ቆማ አንዴ በአንድ ዐይኗ፣ አንዴ በሌላው ታየኛለች።

መንገድ ዳር ያለውን ክፍል ለመኪናው ጭስ ስል ተውኩት። በምሥራቅ በኩል ያለችው ትንሽ ክፍል ጥሩ ኮርኒስ አላት፣ የጠዋት ፀሐይ ይገባታል፣ የጭሮ የተራራ ብርድ ግን በቀጥታ አያገኛትም። ክሬን ሚስማር ላይ አሰርኩ፤ ቆመ። ከዚያ የሚያመኝን ጉልበቴን አጥፌ ተንበረከክሁ፤ ቤቷ በሚቀመጥበት ቁመት ፊቴን አድርጌ፣ ዐይኔን ጨፍኜ ተነፈስኩ። አዲስ ቀለም ሸተተኝ።

"ክፍሉ ተቀብቷል?"

"ለእሷ ብዬ ትናንት ነው ያስቀባሁት" አለች ሀያት እየሳቀች።

"መስኮቱን ከፍተሽ ሁለት ሳምንት ጠብቂ። ሽታው ሳይጠፋ እንዳታስገቢያት።"

ልነሣ ስል እጇን ሰጠችኝ። ደግፋ እንዳነሣችኝ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ "ገለምሶም እንዲህ ተንበርክከው ነበር?"

የመስበሃው ድምፅ ከወዲያኛው ክፍል ይሰማል። በሩ ክፍት ነው።

"አልተንበረከክሁም" አልኳት። ከዚያ ወደ በሩ ሄጄ አዴ ዘይነባ እንድትሰማ አድርጌ ተናገርኩ። ፍየሎቹን፣ ጫት ቤቱን፣ ቅጠል ይስጧቸው ማለቴን፣ አይዞዎት ብዬ መሸሼን አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። "እጅዎ አልገደለውም። እኔ ነኝ ያስገደልኩት። ያን ዕለት አውቀው ነበር።"

መስበሃው ቆመ።

"ስንት ዓመት ነው ዶክተር?"

"ሰባት።"

"ሰባት ዓመት ይህን እጅ ስጠላው ታየኝ ነበር።" ድምፅዋ አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። "ለምን ዝም አልክ?"

"ዶክተር ማለት እንዳይተዉ ፈርቼ።"

መስበሃውን ፍራሹ ላይ አኖረች። ቀጥላ ወደ ልጇ ዞራ "አንቺም ይቅር በዪኝ። በመስታወት አታለልኩሽ" አለቻት።

"እማ" አለች ሀያት፣ አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ "ሁለት ወፍ እኩል አንገት አይነቀንቅም። በመጀመሪያው ወር ነው ያወቅሁት። አንቺ ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው ሁለቱንም የምጠይቅሽ።"

አዴ ዘይነባ ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች፤ በሻርፗ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

"አንተን ይቅር እላለሁ፣ ኢንሻአላህ። ዛሬ አይደለም ግን።"

"እሺ።"

"ማሽላ አምጪልኝ" አለቻት ሀያትን።

ሀያት የወፏን ቤት ፍራሹ ላይ አስቀመጠችና በሩን ከፈተችው። አዴ ዘይነባ ማሽላውን በቀኝ መዳፏ ይዛ ወደ ውስጥ ሰደደች። ሀቢባ ወደ መስታወቷ ሸሸች፣ አየች፣ ተጠጋች፣ መጀመሪያ አውራ ጣቷን ነከሰች። አዴ ዘይነባ እጇን አላነሣችም። ወፏም መዳፏ ላይ ወጥታ አንድ ፍሬ አነሣች፣ ሌላም አነሣች። እኔ ክሬን ከሚስማሩ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩና፣ እጇ ባዶ እስኪሆን በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ።